ለሰውመሆን የተለቀሰ ለታ

ሰውመሆን ሞተ ተብሎ ቁሐር ሚካኤል መንደር ላይ በተለቀሰ ለታ መርዶ ነጋሪው እኔ ነበርኩ። ወረታ ላይ እስከ ዛሬ «ሰውመሆንን የገደለው ሸማኔ» የሚሉኝ አሉ። ይበሉ። እኔ ያደረግሁት የተባልኩትን ነው፤ ያስተማረኝም ራሱ ሟቹ ነው።

ሰውመሆን የቁሐር ሚካኤሉ ገበሬ የአያ ገብረማርያም ልጅ ነው። በዕድሜ ታናሼ ስለሆነ አንተ እለዋለሁ፤ ስለሚያስተምረኝ ደግሞ መምህር እለዋለሁ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ቴአትር አጥንቶ ተመረቀና ወረታ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። እዚያ የሰጡት ሥራ ስብሰባ ሲኖር ባነር መስቀልና ወንበር መደርደር ነው። አያ ገብረማርያም «ልጅዎ ምን ተማረ?» ሲባሉ «ትምህርት ነዋ» ብለው ወሬ ያስቀይሩ ነበር። ሐኪም አይደል፣ መሐንዲስ አይደል፣ ምን ይበሉ?

ባነር እየሰቀሉ መኖር ለሰውመሆን አልዋጥልህ አለው። ሥራ ያቆመ የሩዝ መፈልፈያ መጋዘን ለምኖ አገኘና ቅዳሜ ቅዳሜ የሚገናኝ የቴአትር ቡድን አቋቋመ። ሸጌ ገባች፤ ሹሩባ ትሠራለች፣ ምላሷ ከጣቷ ይፈጥናል። ባምላክ ገባ፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የሚሠራው፣ ያዘዙትን ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚያደርግ ልጅ ነው፣ ከማሽኑ ተምሮ ይሆናል። የባጃጅ ሹፌሩ የሻው ገባ። እኔ ቻላቸው ግን ቴአትር ወድጄ አልገባሁም። ለትርኢት ጋቢ አውሰን ብለው ሲመጡ ጋቢዬን ብቻውን ለነሱ መስጠት አላስችል አለኝና አብሬው ሄድኩ፤ በዚያው ቀረሁ። ሽበት ስላለኝም ሽማግሌ የተባለ ሁሉ የኔ ድርሻ ሆነ።

ሥልጠናው ጠዋት ንድፈ ሐሳብ፣ ከሰዓት ተግባር ነው ተባልን። ችግሩ ጠዋቱ አያልቅም። ሰውመሆን ስለ ትወና ማውራት ከጀመረ ዓይኑ ይበራል፣ ምሳ ይረሳል፣ የኛንም ምሳ ይረሳል። በተዋናይና በተመልካች መካከል የማይታይ ግድግዳ አለ፤ ተዋናይ ከግድግዳው ወዲያ ማንም እንደሌለ ሆኖ መኖር አለበት አለን። ይህን ሲያስረዳን የጎረቤት ዶሮዎች በማይታየው ግድግዳ በኩል ገብተው ገለባ ይጭሩ ነበር። ሌላ ቀን ደግሞ ላም ሁኑ አለን። ወለሉ ላይ ተንበርክከን በእጃችን ተደገፍን። እኔ «የታለበች ነች ያልታለበች?» ብዬ ጠየቅሁ፤ በላሙ የታወቀው የፎገራ ሰው ይህን ሳያውቅ ላም አይሆንም። ሰውመሆን በጣም ተደሰተ። ይኸ የጠየቅኸው መነሻ ሁኔታ ይባላል ብሎ ስለ መነሻ ሁኔታ ያስረዳን ጀመር። እስኪጨርስ ላሞች እንደሆንን ቆየን።

አንድ ነገር ግን አያደርግም፤ ራሱ ሠርቶ አያሳየንም። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ወረታ ወሬ የሚደበቅባት ከተማ አይደለችም። ሲመረቅ በትልቅ መድረክ ላይ የንጉሥ መልእክተኛ ሆኖ አንዲት ቃል እንዲናገር ተሰጥቶት ነበር። ወጣ፣ ሰውን አየ፣ እንደቆመ ቀረ። ንጉሡ ምን ይዘህ መጣህ እያለ ደጋግሞ ጠየቀው። ጭንቅ ሲሆንበት ንጉሡ ራሱ መልእክቱን ገመተና ተናገረለት፤ መጋረጃው ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ሰውመሆን ሰው ፊት ቆሞ ሌላ ሰው ሆኖ አያውቅም። በመጽሐፍ ግን የማያውቀው ነገር የለም።

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል አንድ ቅዳሜ ሸጌ ተነሣች።

«መምህር፣ ክረምቱን ሙሉ ነገርኸን፣ ሰማን። አሁን አንዴ አንተ ሠርተህ አሳየን። መጪው ቅዳሜ ካላሳየኸን እኔ ወደ ሹሩባዬ እመለሳለሁ።»

የሻውም ባምላክም ወለሉን አዩ። እኔም ወለሉን አየሁ፤ ልቤ ግን ከሸጌ ጋር ነበር። የሰውመሆን ፊት አመድ መሰለ። እውነቱን ለመናገር አንጀቴን በላው። እኛ ከተበተንን የሚቀረው ባነሩ ብቻ ነው፤ ይህን እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን። «አሠልጣኝ እኮ…» ብሎ ጀመረና ተወው። ከዚያ መጪው ቅዳሜ ሙሉ በሙሉ ተግባር ነው፣ ያውም በእውነተኛው ቦታ አለን። ራሴ እሠራለሁ ግን አላለም። ሸጌ ይህን ልብ ብላለች።

የምናጠናው ቴአትር ስለ መርዶ ነው። ሦስት ሽማግሎች ማለዳ ወደ አንድ ገበሬ ቤት ሄደው የልጁን ሞት ያረዱታል። ገበሬው የሻው ነው። ሽማግሎቹ እኔ፣ ባምላክና ሸጌ ነን፤ ወንድ ስላነሰን ሸጌ ጋቢውን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ሽማግሌ ሆነች። ሰውመሆን ልምምዱን የወላጆቹ ግቢ ውስጥ ሊያደርገው አሰበ። ለአባቱ ደውሎ ቅዳሜ ማለዳ ከሰዎች ጋር እመጣለሁ፣ ግቢያችሁ ውስጥ ሥራ አለን አላቸው። አያ ገብረማርያም የምን ሥራ ብለው ሲጠይቁ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ደግሞ መደወል ነበረበት፤ አልደወለም።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋጋ አምስታችን በየሻው ባጃጅ ተጠቅጥቀን ተነሣን። ከአስፋልቱ ወርደን ጥቂት እንደሄድን ባጃጇ ጭቃ ውስጥ ቁጭ አለች። ሰውመሆን ሱሪውን ጠቅልሎ ወረደ። እኔ ልግፋ አላልኩም፤ ጋቢው አዲስ ነው፣ ለገበያ ያሰብኩት ነው። ሰውመሆን ሰማዩን አየና ፀሐይ ሳትወጣ እናንተ ቅደሙ፣ እኔና የሻው አውጥተናት እንደርሳለን አለን። ቤቱን በእጁ አሳየን። ከዚያ ያችን ትእዛዝ ሰጠን።

«ከዚች ደቂቃ ጀምራችሁ እናንተ አይደላችሁም። ሽማግሎቹ ናችሁ። ማንም ምንም ቢላችሁ ከተሰጣችሁ ቃል እንዳትወጡ።»

ሰላም ቢሉንስ አልኩት። ቢሏችሁም አለ። ማሉ አለን፤ ባምላክ ፈጥኖ ማለ።

ሦስታችን ተከናንበን፣ ዱላችንን ይዘን፣ አንገታችንን ደፍተን በሩዙ ማሳ ዳር ዳር ሄድን። የጋቢው ጫፍ ጭቃ በነካ ቁጥር ውስጤ ይቃጠላል፤ ሰውመሆን በኋላ ያን ለታ የነበረህ ሐዘን እውነተኛ ነበር ያለኝ ለዚህ ነው። ወለተ ሚካኤል የምትባል የአያ ገብረማርያም ጎረቤት ጀሪካን ይዛ ውሃ ስትወርድ አገኘችን። እንደምን አደራችሁ አለች። ዝም አልን። ደኅና ናችሁ ወይ አለች። ዝም አልን። ቁሐር ላይ የተኳረፈ ሰው እንኳ ሰላምታ ሰምቶ አያልፍም። ማለዳ ተከናንቦ አንገቱን ደፍቶ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ማለት ያቃተው ሦስት ሰው የሚይዘው አንድ ነገር ብቻ ነው። ወለተ ሚካኤል ወዴት እንደምንታጠፍ ቆማ አየች። ወደ አያ ገብረማርያም ደጅ ስንታጠፍ ጀሪካኗን አስቀምጣ ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

አያ ገብረማርያም ደጃቸው ላይ ቆመው ገመድ ይጠመጥማሉ። ባለቤታቸው እትዬ እማዋይሽ እንግዳ ሊቀበሉ ብቅ አሉ። ልጃቸው ከሰዎች ጋር እመጣለሁ ብሏል፤ ሰዎቹ መጥተዋል፣ ልጁ የለም። እትዬ እማዋይሽ ከኋላችን መንገዱን አዩ፣ ጋቢያችንን አዩ፣ ደግመው መንገዱን አዩ።

«ሰውመሆንስ?» አሉ።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ይፈርድብኛል። ግን በቴአትሩ ውስጥ የተሰጠችኝ የመጀመሪያ ቃል አንዲት ነች፤ ከሷ እንዳልወጣም ምያለሁ። ቃሏን በሽማግሌ ድምፅ አልኳት።

«እስቲ መጀመሪያ እንቀመጥ።»

እትዬ እማዋይሽ እሪ አሉ። ከአጥሩ ውጭ ስትጠብቅ የነበረችው ወለተ ሚካኤል ተቀበለቻቸው። ጩኸቱን ሰምቶ ከየማሳውና ከየደጁ ሰው መጉረፍ ጀመረ፤ ግማሹ እግሩ ጭቃ እንደሆነ፣ ግማሹ ማጭዱን እንደያዘ። ያኔ መሐላዬን ጥዬ ልምምድ ነው፣ ኧረ ልምምድ ነው አልኩ። በለቅሶ መካከል ልምምድ የምትል ቃል ማን ይሰማል? አንተም ንገራቸው ብዬ ባምላክን በክርኔ ጎሸምኩት። ባምላክ ግን ተራው የደረሰ መሰለውና የራሱን ቃል አለ፤ «የእግዜር ሥራ ነው፣ ምን ይደረጋል» አለ፣ በደንብ በጠራ ድምፅ። ሸጌ ደግሞ በጋቢው ውስጥ ሆና የምሯን ታለቅሳለች። አያቷ ትዝ ብለዋት ነው። የስሜት ትዝታ የሚባለው ትምህርት ክረምቱን ሙሉ እምቢ ብሏት ያን ለታ መጣላት።

ያኔ ነው አያ ገብረማርያምን ያየኋቸው። አላለቀሱም። የጠመጠሙትን ገመድ ፈቱት፣ እንደገና መጠምጠም ጀመሩ። ጨረሱና ደግመው ፈቱት። ከዚያ ማንንም ሳያዩ «ላሚቱ ታልባለች?» አሉ። የመለሰላቸው የለም። ቀርቤ፣ አያ ልጅዎ ደኅና ነው፣ እዚያ ታች ባጃጅ እየገፋ ነው አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና ለሚያጽናና ሰው እንደሚባለው እሺ፣ እሺ አሉኝ። ከኋላዬ ግን ወለተ ሚካኤል ባጃጅ ስል ሰምታኛለች። ለቅሶው ምክንያት አገኘ፤ እሷም ደረቷን እየመታች ሙሾ አወረደች።

«በአራት እግር በቅሎ ይመጣል ስል ልጄ፣
ባለ ሦስት እግሯ አስቀረችው ከደጄ።»

ያ ሁሉ ሰው ባጃጅ ገደለው ብሎ ሲያለቅስ ሰውመሆን ያልወጣችውን ባጃጅ ለየሻው ትቶ ከታች ደረሰ። ጭቃው እስከ ቅንድቡ ነው። ከሩቅ የራሱን ግቢ ለቅሶ ሰማ፣ ሕዝቡን አየ። አያ ገብረማርያም ክረምቱን ሲያስላቸው ከርሟል፤ ሌላ ምን ያስብ? አባቴን፣ አባቴን እያለ ደረቱን እየደቃ ገባ። ያን ያህል ድምፅ በዚያ ደረት ውስጥ እንዳለ ማንም አያውቅም ነበር፤ እሱም ጭምር። በር ላይ ያሉት ሴቶች በጭቃው ምክንያት አላወቁትምና ቦታ ለቀቁለት። አንዷ ደግፋ ይዛው ለሟቹ ምኑ ነህ ወንድሜ አለችው። ልጁ ነኝ አለ እየተንሰቀሰቀ። ወለተ ሚካኤል ለቅሶዋን አቋርጣ ቀና አለችና ሰውመሆን ልጅ ነበረው እንዴ ብላ ጠየቀች።

ያኔ ሕዝቡ ዞሮ አየው። ማማተብ ሆነ። መንገድ ተከፈተና አባትና ልጅ ፊት ለፊት ተያዩ፤ አንዱ ሌላውን ቀብሮ። አያ ገብረማርያም ገመዱን እንደያዙ ናቸው።

«የት ቆየህ?» አሉት።

እትዬ እማዋይሽ ደረሱና መጀመሪያ በጥፊ መቱት፣ ቀጥለው ሳሙት፣ ሦስተኛውን ሊደግሙ ሲሉ ሰው ያዛቸው። እኔ ይህን ጊዜ ጋቢዬን አጣጥፌ በአጥሩ በኩል ልወጣ ነበር። ሸጌ ያዘችኝ።

የእድሩ ዳኛ አያ ታደለ ሕዝቡን አስቀመጡ። ነገሩን ከኛ ሰሙ። ከዚያ ፈረዱ። ሕዝቡ ሥራውን ጥሎ መጥቷል፣ እንባውን አፍስሷል፤ ንፍሮውም ተጥዷልና ይበላል፣ ግን ለባዶ ነገር አለቀስን ብለን አንገባም አሉ። ቴአትር ያላችሁትን ነገር አሳዩን፤ ያለቀስንበትን እንየው። ሕዝቡ በዚህ ተስማማ። አንድ ሽማግሌ ብቻ ግድ የላችሁም፣ እኔ የማለቅሰውን አልቅሻለሁ ብለው ሄዱ።

ንፍሮ ስንበላ ሰውመሆን አጠገቤ ተቀመጠ። እኔ ሞቼ ሳለሁ አባዬ ምን አደረገ ብሎ ጠየቀኝ። ገመዱንና ስለ ላሚቱ ያሉትን ነገርኩት። አፉ ውስጥ የነበረውን ሳይውጥ ቆየ።

ልንጀምር ስንል ገበሬው የለም። የሻው ባጃጇን ጥሎ አይመጣም፤ እናት ልጇን ጥላ ብትሄድ ይቀላል። ሸጌ ሰውመሆንን አየችው። ክረምቱን ሙሉ እንዲያ ዝም ብላ አላውቅም። ሰውመሆን የማይታየውን ግድግዳ ፈልጎ ይሆን ምን እንጃ ግራ ቀኝ አየ። ያለው ሕዝቡ ነው፣ ንፍሮውን በእጁ ይዞ። ቀስ ብሎ ተነሥቶ የቤቱ ደጅ ፊት ቆመ።

ሦስታችን ተከናንበን ገባን። እስቲ መጀመሪያ እንቀመጥ አልኩ፤ ይችን ስል ከሴቶቹ በኩል አጉረመረሙብኝ። ቃላችንን በየተራ አልን፣ ልጅህ የለም አልነው። አሁን ገበሬው እንዲህ ብሎ ይጮኻል ተብሎ የተጻፈ ረጅም ንግግር አለ። ሰውመሆን አልጮኸም። ሕዝቡን አየ፤ ቆመ። አንድ ልጅ ሳቀ፣ ሁለተኛም ደገመ። አለቀ፣ ያ የምረቃው መልእክተኛ ተመለሰ አልኩ በልቤ። ንጉሥ ሆኜ ልናገርለት ፈለግሁ፤ ምን ብዬ?

ሰውመሆን ጎንበስ ብሎ አባቱ ንፍሮ ሊበሉ ሲቀመጡ የጣሉትን ገመድ አነሣ። መጠምጠም ጀመረ። ጨረሰ፣ ፈታው፣ እንደገና ጀመረ። ሳቁ ቆመ። ሰው ሁሉ አያ ገብረማርያምን ማየት ያዘ፤ እኔ ግን ማየት ፈራሁ። የአባትን ሐዘን በሰው ፊት መድገም የሚያስቆጣ ነገር ነው፤ እሳቸው ደግሞ ቁጣቸውን የሚያምቁ ሰው አይደሉም። ሰውመሆን ማንንም ሳያይ፣ በራሱ ድምፅ ሳይሆን በሳቸው ድምፅ፣

«ላሚቱ ታልባለች?» አለ።

በጽሑፉ መልስ የለውም፤ ጥያቄውም የለ። ከሴቶቹ መካከል ግን እትዬ እማዋይሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣

«ታልባለች» አሉ። «ታልባለች ልጄ።»

አያ ገብረማርያም ተነሡ። ንድፈ ሐሳቡን አልተማሩምና በግድግዳው በኩል ቀጥ ብለው ገቡ። ልጃቸው ፊት ቆሙ። ሰውመሆን ገመዱን እንደያዘ ነው፤ ጥፊ እየጠበቀ እንደሆነ ከአንገቱ ታወቀኝ። አያ ገብረማርያም የገመዱን ሌላ ጫፍ አነሡ።

«ገመድ እንዲህ አይጠመጠምም» አሉ። «በክርንህ አዙረው።»

እሳቸው ከዚያ፣ እሱ ከዚህ እየጠመጠሙ ተቀራረቡ። ገመዱ አልቆ እጃቸው ሲገናኝ አያ ገብረማርያም አልለቀቁም። ልጃቸው ምን እንደተማረ ያን ለታ የገባቸው ይመስለኛል። ሰዉ ያለቅሳል፣ ሰዉ ይስቃል፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም። ሸጌ ከጋቢው ውስጥ በአፍንጫዋ እየተናገረች መጪው ቅዳሜ በስንት ሰዓት ነው የምንገናኘው አለችኝ። በጋቢዬ ተናፍጣለች፤ ምንም አላልኳት።

አያ ታደለ ከወንበራቸው ሆነው እህሳ፣ ቀጥሉ እንጂ አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ቴአትሩ ገና አላለቀም። የምትዘጋው ቃል የኔ ነበረች፤ ሽማግሌው ወደ ገበሬው ጠጋ ብሎ እግዜር ያጽናህ ይለዋል። አየኋቸው፤ አባት ቆመዋል፣ ልጅ ቆሟል፣ ላሚቱም ታልባለች።

ያችን ቃል አላልኳትም። ለማን ልበላት?